ከሐኪም ርቆ መቆየት፦ የጠፈርተኞች ጤና ጥበቃ መርሖዎችና ለቶንጎ አካባቢ ያላቸው ትምህርት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በጠፈር ለወራት የሚቆዩ ሰዎችን ጤና ለመጠበቅ ባለፉት ስድስት ዐሥርት ዓመታት የዳበረው ዕውቀት በአብዛኛው የሚታወቀው በመሣሪያዎቹ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ከመሣሪያዎቹ በስተጀርባ ባለው አደረጃጀት ላይ ያተኩራል። የሚከራከርበት ነጥብ አንድ ነው፤ የጠፈር ሕክምና በአንድ ስፍራ ሊኖር የሚገባውን የአገልግሎት ደረጃ የሚወስነው በዋናነት የተሟላ ሕክምና እስኪገኝ ድረስ በሚያልፈው ጊዜ እንጂ በነዋሪዎቹ ብዛት አይደለም። የሀገራችን የጤና ተቋማት መመዘኛ በዋናነት በሕዝብ ቁጥር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ እንደ ማኦ-ኮሞ ላሉ ሕዝባቸው ተበታትኖ ለሚኖርባቸው አካባቢዎች ይህ መርሕ ምን እንደሚያስተምር ይመረመራል። በመጨረሻም ለቀጣይ ጥናት የሚያገለግል አጭር ማዕቀፍ ቀርቧል።

1. መግቢያ

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከመሬት በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይዞራል። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የማኦ-ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ቶንጎ ደግሞ ከአሶሳ በስተደቡብ በባምባሲ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀራታል። ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ ቢለካ ኖሮ፣ ጠፈርተኛው ለምድር ያለው ቅርበት የቶንጎ ነዋሪ ለአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ካለው ቅርበት ይበልጣል ማለት ነው።

ንጽጽሩ ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። በድንገት ለታመመ ሰው ወሳኙ ነገር የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ሳይሆን ሊያድነው ወደሚችል እጅ እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት ነው። ሶዩዝ የተባለው የሩሲያ መንኩራኩር ከጣቢያው ተላቆ ምድር እስኪያርፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ለዝግጅትና ለማረፊያ ስፍራ ምርጫ የሚያስፈልገው ጊዜ ቢጨመርበት እንኳ፣ የጠፈርተኛው የመመለሻ ጊዜ አስቀድሞ የተሰላና የታወቀ ነው። ከማኦ-ኮሞ ገጠር ቀበሌ የምትነሣ ምጥ የያዛት እናት የምትደርስበት ሰዓት ግን በዝናቡ፣ በመንገዱ፣ በአምቡላንሱ መገኘትና በአካባቢው ጸጥታ ይወሰናል።

2. ረጅም የጠፈር ቆይታ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጉዳዩን ለማስተዋወቅ ያህል ዋና ዋናዎቹን አደጋዎች በአጭሩ መጥቀስ ይገባል። ክብደት-አልባ በሆነ ሁኔታ ውስጥ አጥንት የሰውነትን ሸክም ስለማይሸከም ይሳሳል፤ መከላከያ ካልተደረገ በዳሌ አካባቢ ያለው የአጥንት ይዘት በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይቀንሳል። ከአጥንት የሚወጣው ካልሲየም ደግሞ የኩላሊት ጠጠርን ያበረታታል። ጡንቻ ይመነምናል። ከእግር ወደ ጭንቅላት የሚሸሸው ፈሳሽ ከዓይን ነርቭ እብጠትና ከዕይታ ለውጥ ጋር ይያያዛል። ለዚህም ነው ጠፈርተኞች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንዲሠሩ የሚገደዱት።

ጨረራ ሌላው አደጋ ነው። ኪውሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ወደ ማርስ ስትጓዝ በተሸከመችው መለኪያ መሠረት፣ ለደርሶ መልስ ጉዞ ብቻ የሚገመተው መጠን 0.66 ሲቨርት አካባቢ ነው። ይህም ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ የሥራ ዘመን በሙሉ ከፈቀደው የ0.6 ሲቨርት ጣሪያ ያልፋል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተደርቦ የሚመጣው ግን ርቀቱ ራሱ ነው። ከማርስ የሚላክ የሬዲዮ መልእክት ለአንድ ጉዞ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስድበታል። ስለዚህ በዚያ የሚታመም ሰው ሐኪሙን ጠይቆ ወዲያው መልስ ሊያገኝ አይችልም፤ ወደ ምድር መመለስም የወራት ጉዳይ ነው። በአሁኑ ጊዜ የጠፈር ሕክምና ተመራማሪዎችን እያሳሰበ ያለው ጥያቄ ከምድር ሳይጠብቁ ራስን ማከም እንዴት ይቻላል የሚለው ነው።

3. አንድ ማሳያ፦ በጠፈር ጣቢያው የተገኘው የደም መርጋት

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት የታተመ ዘገባ የዚህን ጥያቄ ጠባይ በሚገባ ያሳያል። በጣቢያው ሁለት ወር ገደማ የቆየ አንድ ጠፈርተኛ ለምርምር ተብሎ የአንገት አልትራሳውንድ ሲነሣ፣ በግራ በኩል ባለው ትልቅ የደም መልስ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ሕመም አልተሰማውም ነበር። ማንነቱ በዘገባው አልተገለጸም።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ በየትኛውም ሩቅ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ የሚያውቀው ዓይነት ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ኢኖክሳፓሪን የተባለ በመርፌ የሚሰጥ የደም ማቅጠኛ ነበር፤ መጠኑ ግን ውስን ነው፤ መርፌዎቹም ጥቂት ናቸው። ክብደት በሌለበት ፈሳሽን ከጠርሙስ ወደ መርፌ መሳብ ራሱ ፈታኝ ነው። ሕመምተኛው ቢደማ ደግሞ የመድኃኒቱን ውጤት የሚቀለብስ ሌላ መድኃኒት በእጅ አልነበረም። ሐኪሞቹ በምድር ሆነው ጉዳቱንና ጥቅሙን አመዛዝነው ሕክምናው እንዲጀመር ወሰኑ። ከ33 ቀን በኋላ ያለው መድኃኒት አዲስ አቅርቦት እስኪደርስ እንዲበቃ መጠኑ ተቀነሰ፤ በ42ኛው ቀን በጭነት መንኩራኩር አፒክሳባን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ደረሰ። ክትትሉ የተካሄደው ጠፈርተኛው ራሱ በሚያነሣው አልትራሳውንድ ሲሆን፣ በምድር ያለ ባለሙያ እጁን በድምፅ ይመራው ነበር። ሕክምናው ከ90 ቀን በላይ ከቆየ በኋላ ከመመለሱ አራት ቀን አስቀድሞ ተቋረጠ፤ ተመልሶም ተጨማሪ የደም ማቅጠኛ ሳያስፈልገው ዳነ።

ከዚህ ጉዳይ አራት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለና የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ በትክክል ይታወቅ ነበር። ሁለተኛ፣ ሐኪም ያልሆነም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል የምርመራ መሣሪያ በቦታው ነበር። ሦስተኛ፣ በቦታው ያለውን ሰው ከሩቅ የሚመራ ባለሙያ ነበር። አራተኛ፣ በቦታው ያለው ሰው እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሦስቱ ዋጋ ባጡ ነበር።

4. የአገልግሎት ደረጃ በምን ይወሰናል?

ናሳ ለሰው በረራ ባወጣው የጤና መመዘኛ ሰነድ የሕክምና አገልግሎት በደረጃዎች ተከፍሏል። ደረጃው የሚወጣው ተልእኮው በሚወስደው ጊዜ፣ በሚሄድበት ስፍራና ሕመምተኛን ለመመለስ በሚኖረው ዕድል ነው። አጭር በረራ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይበቃዋል። ለማርስ ዓይነት ጉዞ ግን የተጓዦቹ ቁጥር አራት ብቻ ቢሆን እንኳ በሐኪም ደረጃ የሠለጠነ ሰው አብሮ እንዲጓዝ ይጠበቃል። በሌላ አነጋገር፣ ሰዎቹ ጥቂት መሆናቸው የአገልግሎቱን ደረጃ ዝቅ ለማድረግ ምክንያት አይሆንም፤ ርቀቱ ደግሞ ከፍ ለማድረግ በቂ ምክንያት ነው።

የሀገራችን የጤና ሥርዓት መመዘኛ በተለየ መንገድ ተቀርጿል። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ይታሰባል። መመዘኛው ውስን ሀብትን ለብዙኃኑ ለማዳረስ የወጣ በመሆኑ ፍትሐዊ ዓላማ አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በዚሁ መሠረት በየቀበሌው ሁለት ባለሙያዎችን በማሰማራት አገልግሎቱን ለገጠሩ ሕዝብ ደጃፍ አድርሷል። ሆኖም ሕዝብ በተጠጋጋበት የደጋ ወረዳ 25,000 ሰው በአጭር የእግር መንገድ ውስጥ ሊገኝ ሲችል፣ ሕዝብ በሳሳበት ቆላ ያው ቁጥር እጅግ ሰፊ በሆነ መሬት ላይ ይበተናል። ቁጥሩ እኩል ቢሆንም ተደራሽነቱ እኩል አይሆንም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 እንዲያገለግል የተዘጋጀው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ ይህን ክፍተት በከፊል ተገንዝቦታል። ጤና ኬላዎችን በደረጃ በመለየት፣ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ርቀው የሚገኙት ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስባል። ይህ ከጠፈር ሕክምና መርሕ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ እርምጃ ነው። የሚቀረው ርቀት የሚለካበትን መስፈርት መወሰን ነው። በካርታ ላይ ያለ ኪሎ ሜትር በበጋም በክረምትም አንድ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቀው የምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብ ግን ያው መንገድ አንድ መንገድ አይሆንም።

5. ሁለት ሰዓት

ጊዜን መለኪያ ማድረግ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ከወሊድ የተሻለ ምሳሌ የለም። የድንገተኛ የወሊድ ሕክምና መመሪያዎች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት ግምት እንደሚያሳየው፣ ሕክምና ካልተገኘ ከችግሩ መነሻ እስከ ሞት ያለው አማካይ ጊዜ በተራዘመና በተዘጋ ምጥ ሦስት ቀን፣ ከወሊድ በፊት በሚከሰት ደም መፍሰስ 12 ሰዓት፣ ከወሊድ በኋላ በሚከሰት ደም መፍሰስ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀበሌ ከሆስፒታል ስድስት ሰዓት ቢርቅ፣ በአምቡላንስ መላክ ለተዘጋ ምጥ መልስ ይሆናል፤ ከወሊድ በኋላ ለሚደማ ማኅፀን ግን መልስ አይሆንም። ለዚህኛው መልሱ በቦታው መኖር አለበት።

በቦታው ሊኖር የሚችለው ቀዳሚ መድኃኒት ኦክሲቶሲን ነው። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። ማቀዝቀዣና የማይቋረጥ ኃይል በሌለበት ቆላ ጠርሙሱ በመደርደሪያ ላይ መኖሩ መድኃኒቱ አለ ለማለት አያበቃም። የጠፈር ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በጠፈር ጣቢያው የተቀመጡ 35 ዓይነት መድኃኒቶችን በምድር ከተቀመጡ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በጠፈር ከቆዩት የሚበዙት ቀድመው እንደሚዳከሙ አሳይቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የሩቅ ስፍራ የመድኃኒት ዝርዝር ሲዘጋጅ በምድቡ የተሻለው የትኛው ነው ከማለት በፊት በዚያ ስፍራ ሳይበላሽ የሚቆየው የትኛው ነው ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ቅዝቃዜ የማይፈልገው የሚሶፕሮስቶል እንክብልና ሙቀትን የሚቋቋመው የካርቤቶሲን ዝግጅት ትርጉም የሚያገኙት በዚህ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ከአየርና ከጠፈር በረራ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው። ደም ለሚፈሳቸው እናቶች የሚለበሰው ፀረ-ሾክ ልብስ መነሻው ተዋጊ አብራሪዎች ራሳቸውን እንዳይስቱ የሚለብሱት የግፊት ልብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የናሳ ኤምስ የምርምር ማዕከል ልብሱ ለደም መፍሰስ ሕክምና እንዲውል በማሻሻሉ ሥራ ተሳትፏል። ከጠፈር የሚመለሱ ሰዎችም ሲቆሙ ደማቸው ወደ እግራቸው ወርዶ ራሳቸውን እንዳይስቱ ተመሳሳይ ልብስ ይለብሳሉ። የእናቶቹ ልብስ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ላይ በቅደም ተከተል እየተጠበቀ ይታሰራል፤ የሆዱ ክፍል በመጨረሻ ይዘጋል። ግፊቱ ደምን ከእግር ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ይመልሳል። ኤሌክትሪክም ሆነ የአየር መንፊያ አይፈልግም፤ ታጥቦ ደጋግሞ ይሠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር ልብሱን የተቀበለው የተሟላ ሕክምና እስኪገኝ ጊዜ መግዣ አድርጎ ነው። ደም አይተካም፤ የቀረ የእንግዴ ልጅ አያወጣም። በዛምቢያና በዚምባብዌ የተደረገው ሰፊ ሙከራ ሞትን የመቀነስ አዝማሚያ ቢያሳይም ልዩነቱ በስታቲስቲክስ እርግጠኛ ለመባል አልበቃም፤ ከሾክ የማገገሚያውን ጊዜ ግን አሳጥሯል። በሀገራችንም አጠቃቀሙ በተለያዩ አካባቢዎች ተጠንቷል። የልብሱ ጥቅም የሚመዘነው ሁለቱን ሰዓት ስንት ሰዓት ያደርገዋል በሚለው ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው መፍትሔ መሣሪያ እንኳ አይፈልግም፤ ሰውን ከአደጋው ቀን አስቀድሞ ማቅረብ ነው። ጠፈርተኞች ከበረራ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ተለይተው የሚቆዩት በጠፈር ሊታከም የሚያስቸግረውን ተላላፊ በሽታ በምድር ለማስቀረት ነው። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው የእናቶች ማቆያም በዚሁ አስተሳሰብ የሚመራ ነው፤ ከሩቅ የምትመጣ ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይጀምራት በሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች። ሐሳቡ ከጠፈር የተቀዳ ሳይሆን እዚሁ ሀገር ውስጥ ከቆየ ልምድ የተገኘ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

6. ከሩቅ መምራት

ናሳ ለጠፈርተኞች ያዳበረውን የርቀት ክትትል በምድር ለመሞከር የመረጠው እጅግ ገጠር የሆነ ስፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሪዞና በረሃ በሚገኘው የፓፓጎ ሕዝብ ይዞታ፣ የሕክምና መሣሪያ የጫነ መኪና በመካከለኛ ባለሙያዎች እየተመራ በሬዲዮ መገናኛ ከሆስፒታል ሐኪሞች ጋር ይገናኝ ነበር። በጠፈር ጣቢያው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ዘገባ እንዳሳየው፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠለጠኑ ጠፈርተኞች በምድር ባለ ባለሙያ እየተመሩ ለምርመራ የሚበቃ የትከሻ አልትራሳውንድ ምስል ማንሣት ችለዋል።

ኢትዮጵያ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው የመላው አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ ኔትዎርክ የሙከራ ፕሮጀክት የጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታሎች በሕንድ ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። ነቀምት ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘቷ ለእኛ አካባቢ ልምዱን ቅርብ ያደርገዋል። ሆኖም ሁለት ሆስፒታሎችን ማገናኘትና ሆስፒታልን ከጤና ኬላ ጋር ማገናኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በሁለተኛው መስመር በወዲያኛው ጫፍ ያለችው አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የምትፈልገውም በምታውቀው ሰው የሚነሣ ስልክና ልትወስድ የምትችለው እርምጃ አስቀድሞ የተጻፈበት መመሪያ ነው።

ቋንቋም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በጠፈር ጣቢያው የሚሠሩ ሰዎች እንግሊዝኛና ሩሲያኛ እንዲማሩ ይደረጋል፤ በአደጋ ጊዜ አለመግባባት ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ስለታመነበት ነው። በማኦ-ኮሞ ማኦኛ፣ ኮምኛ፣ በርትኛና ኦሮምኛ ይነገራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ከሩቅ የሚሰጥ ምክር በእናቲቱ ቋንቋ ካልደረሰ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢዘምን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

7. የንጽጽሩ ወሰን

ንጽጽሩ ከዚህ አልፎ ሊለጠጥ አይገባም። ጠፈርተኛ ከሺህዎች መካከል በጤንነቱ ተመርጦ የሚሄድ፣ ለእያንዳንዱ ቀኑ ከፍተኛ ገንዘብ የሚመደብለት ሰው ነው። የቶንጎ ነዋሪ በርቀቱ ላይ ወባ፣ የምግብ እጥረትና ድህነት ይደረቡበታል። ጠፈርተኛው የሚሄደው ፈልጎና ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ የገጠሩ ነዋሪ የሚኖረው በአገሩ ነው።

ከሁሉም በላይ በጠፈር ሕክምና ስሌት ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ግጭት ነው። የሱዳን ስደተኞች ይኖሩበት የነበረው የቶንጎ መጠለያ በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣ ግጭት ምክንያት ነዋሪዎቹ ጥለውት ወጥተዋል። መንገድ በዝናብ ሲዘጋ መቼ እንደሚከፈት ይገመታል፤ በጸጥታ ሲዘጋ ግን አይገመትም። ይህም የመጠባበቂያ ክምችት የሚሰላው በአማካዩ የአቅርቦት ጊዜ ሳይሆን መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት ረጅሙ ጊዜ መሆን እንዳለበት ያመለክታል። በጠፈር ጣቢያውም ክምችት የሚያዘው የጭነት መንኩራኩር ሊዘገይ እንደሚችል ታስቦ ነው።

8. ለቀጣይ ጥናት የሚሆን ማዕቀፍ

ከላይ በተነሡት ነጥቦች መሠረት ለልዩ ወረዳው እያንዳንዱ ቀበሌ አራት ነገሮች ቢመዘገቡ ጠቃሚ ይሆናል።

ሀ) የመድረሻ ጊዜ፦ ቀዶ ሕክምናና ደም ወደሚሰጥበት ተቋም ለመድረስ በበጋ፣ በክረምትና መንገድ በሚዘጋበት ወቅት የሚወስደው ሰዓት። ቅርቡ ተቋም በአጎራባች ክልል፣ ለምሳሌ በቤጊ አቅጣጫ ከሆነም ልኬቱ የአስተዳደር ወሰንን ሳይሆን መንገዱን ይከተል።

ለ) የክምችት ዕድሜ፦ ሕይወት አድን መድኃኒቶች ያለ አዲስ አቅርቦት ስንት ቀን ይበቃሉ? በተቀመጡበት ሙቀትስ ኃይላቸው እንደተጠበቀ ነው?

ሐ) የመገናኛ አስተማማኝነት፦ በሌሊትና በዝናብ ጊዜ ጭምር ባለሙያዋ ወደ ሐኪም ደውላ መልስ የምታገኝበት ጊዜ።

መ) የተፈቀደ እርምጃ፦ ሐኪም ባልተገኘበት ሰዓት በቦታው ያለችው ባለሙያ በጽሑፍ የተፈቀደላትና የሠለጠነችበት ሥራ ዝርዝር።

የመጀመሪያው ልኬት ከችግሩ የጊዜ ገደብ ጋር ሲነጻጸር የትኛው ሕመም በቅብብሎሽ፣ የትኛው በቦታው መታከም እንዳለበት ይለያል። ሌሎቹ ሦስቱ በቦታው መታከም ያለበት በእርግጥ ሊታከም ይችል እንደሆነ ያሳያሉ። አሠራሩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሰዓት፣ የሙቀት መለኪያ፣ ስልክና መዝገብ ይበቁታል። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በአንድ የክረምትና በአንድ የበጋ ወቅት ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ነው።

9. ማጠቃለያ

የጠፈርተኞችን ጤና የሚጠብቀው ሥርዓት ከአንድ እውነት ይነሣል፤ ሕመም ሐኪም እስኪመጣ አይጠብቅም። ስለዚህ ሥርዓቱ ከበረራው በፊት ምን በቦታው መኖር እንዳለበት፣ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ማን ከሩቅ እንደሚያግዝና የቱ ሕመምተኛ መቼ እንደሚመለስ ይወስናል። ይህ አደረጃጀት ወደ ማርስ የሚሄዱ አራት ሰዎች ሐኪም እንዲኖራቸው ካስገደደ፣ ቁጥራቸው አንሷል ተብሎ የተሟላ ጤና ጣቢያ ለራቃቸው ቀበሌዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ማንሣት ተገቢ ነው። ከወሊድ በኋላ ለምትደማ እናት ያላት ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው፤ በቶንጎ ዙሪያ የሚደረግ የጤና ዕቅድም ከዚህ ቁጥር መነሣት ይኖርበታል።